ፖሊስ ውስጥ የሥራ ቦታ ደህንነትና ጤንነት ፖሊሲን መሬት ያወረደ ሰው አለ? ከምን ልጀምር?

የጣቢያው ሰው፦

ሰላም ቤተሰብ። በአንድ የክልል ከተማ ፖሊስ ውስጥ ነው የምሠራው፣ ማዕረጌ ኢንስፔክተር ነው፣ ከተማውን ባልጠራው ይሻላል። ባለፈው ወር የሥራ ቦታ ደህንነትና ጤንነት ፖሊሲ የሚል ወፈር ያለ ሰነድ ከበላይ ወረደልን፣ አዳራሽ ተሰብስበን ተነበበ፣ አቴንዳንስ ፈረምን፣ በመጨረሻ አስተባባሪው አንተ ነህ ተባልኩ። በጀት የለውም፣ ለእኔም የተሰጠኝ ሥልጠና የለም፣ ሰነዱ ራሱ ሲነበብ ለፋብሪካ የተጻፈ ነው የሚመስለው፣ የማሽን መከለያ የኬሚካል አያያዝ ምናምን ይላል ሌሊት ኬላ ላይ ስለሚቆም ልጅ ግን አንድ መስመር የለውም።

ሰነዱን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ መተው እችል ነበር፣ ብዙ ሰነድ እንደዛ ሆኖ ቀርቷል። ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። አንድ ጎበዝ ኮንስታብል አለኝ፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ ከተማ መውጫው ላይ መኪና ሲያስቆም አንድ አይሱዙ በጎን መስታወቱ ክንዱን መቶት አለፈ። ልጁ ለማንም አልተናገረም። እኔ ያወቅኩት ከሦስት ቀን በኋላ ጠዋት ሰልፍ ላይ ሰላምታ ሲሰጠኝ ነው፣ እጁ ግንባሩ ጋ አልደርስ ብሎ ደረቱ ላይ ቀረ፣ ፊቱን ላብ አጠመቀው። እጅጌውን ሰብስቤ ሳየው ከትከሻው እስከ ክርኑ ጠቁሯል። ለምን ዝም አልክ ስለው «ግምገማ ላይ የጥንቃቄ ጉድለት ተብሎ ይያዝብኛል ብዬ ነው» አለኝ። ይሄ ነገር እስካሁን ከውስጤ አልወጣም።

ሕጉንም አገላብጫለሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 92 አሠሪው ሠራተኛውን ስለ አደጋው እንዲያስተምር፣ መከላከያ ዕቃ እንዲሰጥ፣ የደረሰ ጉዳት እንዲመዘግብ ያዛል፣ ግን ያው አዋጅ አንቀጽ 3 ላይ ፖሊስን አይመለከትም ይላል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ደግሞ ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢን መብት አድርጎታል። ስለዚህ መነሻ አለኝ ብዬ ነው የማምነው፣ የቸገረኝ ከነገ ጠዋት ስምሪት ጀምሮ ምን ላድርግ የሚለው ነው። የሠራችሁበት ካላችሁ እባካችሁ።

ተረኛ ሌሊት፦

ኢንስፔክተር ይቅርታ ያድርጉልኝና እኔ እንደ ተራ አባል ልናገር። የእኛ ሥራ እኮ አደጋው ራሱ ነው፣ ጩቤ ይዞ ሰው የሚያባርር ሰው አለ ተብሎ ሲደወል ቆይ መጀመሪያ ሪስክ አሰስመንት (የአደጋ ስጋት ግምገማ) ልሙላ አይባልም። ደግሞ ከዚህ በፊት ያየነው ምንድነው፣ 40 ለምንሆን ሰዎች 12 ሪፍሌክተር ሰደርያ መጣ፣ አንዱ ሲወጣ ለቀጣዩ ያወልቅለታል፣ ክረምት ላይ እርጥቡን ነው የምንለብሰው። ታጥቦ ታጥቦ ማብረቁንም ተወ። ፎቶ ተነስተን ሪፖርት ተላከ ግን ልጆቹ አሁንም ጨለማ ውስጥ ነው የሚቆሙት። እኔ የምፈራው አሁንም ዕቃ ታድሎ ያልቃል ብዬ ነው፣ የእርስዎን ቅንነት አልጠረጠርኩም። ያ ኮንስታብል ግን እንዴት ሆነ? ዳነ?

ጡረታ ላይ፦

ልጆቼ ሰላም ለእናንተ ይሁን። አዲስ አበባ ውስጥ 27 ዓመት ትራፊክ ሆኜ ሠርቻለሁ፣ አሁን ቤቴ ነኝ። ኢንስፔክተር የጻፍከውን ሰላምታ አንብቤ ተነካሁ ምክንያቱም እኔም እንደዛ የደበቅኩት ብዙ ነው። ዛሬ ግራ ጆሮዬ አይሰማም ማለት ይቻላል፣ የልጅ ልጄ በቀኝ በኩል መጥታ ነው የምታወራኝ። ለምን ግራው ብትሉ ፊሽካውን ወደ ግራ አዘንብዬ ነበር የምይዘው፣ የራሴው ፊሽካ ከመኪናው ጥሩምባ ጋር ተደምሮ። ያኔ ማንም ፊሽካ ጆሮ ይጎዳል ያለኝ የለም።

እግሬን ደግሞ ብታዩት ደም ሥሩ እንደ ገመድ ተገትሯል። ቀን ሙሉ አስፋልት ላይ ነው መቆም። አንድ አለቃ ነበሩን ነፍሳቸውን ይማርና ምንም በጀት ሳይጠይቁ አንድ ነገር አደረጉ፣ ከባዱ አደባባይ ላይ ሁለት ሰዓት የቆመ ሰው ቀለል ወዳለ መንገድ ይዘዋወራል፣ በመሀል ሩብ ሰዓት ይቀመጣል፣ አለቀ። ስምሪት ወረቀቱ ላይ እስክሪብቶ ብቻ ነው የፈጀው። እሳቸው በነበሩበት ዘመን ማታ ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ራሴ አወልቅ ነበር፣ እሳቸው ሲቀየሩ ተመልሶ ቀረ፣ ባለቤቴ ናት የምትጎትትልኝ የነበረው። ስለዚህ ልጄ ተረኛ ያለው ልክ ነው፣ ሰደርያው መጨረሻ ላይ የሚመጣ ነገር ነው፣ ሰው ከመልበሱ በፊት የት ነው የቆመው፣ ለስንት ሰዓት፣ ማን ይቀይረዋል፣ እሱ ነው የሚቀድመው።

ስለ ጭሱም ልናገር። ድሮ ሻርፕ አፍንጫችን ላይ እንጠመጥም ነበር አሁን ደግሞ ተራውን ማስክ ያደርጋሉ፣ ማታ ስታወልቀው ውስጡ ጠቁሮ ታገኘዋለህ፣ ያም ሆኖ ደቃቁ ጭስ በጎንና በጎን ያልፋል። ጥሩ የሚባለው ኤን 95 ማስክ እንኳ ብናኙን ነው የሚይዘው፣ ጋዙን አይዝም። ሲኖትራክ ዳገት ላይ ማርሽ ቀይሮ ጥቁሩን ሲለቅብህ የሚያድንህ ከዳገቱ ራስ አለመቆም ነው። ነፋሱ ከየት ይመጣል ብለህ እሱ በሚመጣበት በኩል መቆም ነው።

የኬላውን ነገር፣ ልጁ የቆመበትን ቦታ በሌሊት ሄደህ አይተኸዋል? በቀን አይደለም፣ በሌሊት፣ በአይሱዙው ሹፌር አቅጣጫ መኪና ውስጥ ሆነህ። ኩርባ ካለፈ በኋላ ወዲያው የሚቆም ከሆነ ሹፌሩ የሚያየው ሲደርስበት ነው። ሰደርያውንም እዛው ፈትነው፣ ልጁን 100 እርምጃ አርቀህ አቁመውና የሞባይልህን ባትሪ ዓይንህ አጠገብ አድርገህ አብራበት። ካላበራልህ ለሹፌሩም አያበራም። ባትሪውን ደረትህ ላይ ከያዝከው ያታልልሃል፣ ብርሃኑ የሚመለሰው ወደ መጣበት ነው።

ሌላው፣ ባስቆመው መኪናና በፓትሮሉ መሀል ሰው አይቁም። ከኋላ የመጣ መኪና ፓትሮሉን ከገጨ በሁለቱ መሀል ያለው ሰው ነው የሚጨፈለቀው። ይሄን የምናገረው አይቼ ነው።

ሲስተር ማ፦

ጋሼ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥዎት። እኔ ነርስ ነኝ፣ የፖሊስ አባላት በሚታከሙበት ክሊኒክ ለስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ሁላችሁም መንገዱን አነሳችሁ፣ እኔ ግን ጣቢያው ውስጥ ያለውን ላንሳ ምክንያቱም እኔ ጋ ከሚመጡት ብዙዎቹ መኪና የነካቸው አይደሉም።

ማረፊያ ቤቱን ተመልከት ወንድሜ። ብዙ ጊዜ መስኮቱ ጠባብ ነው፣ ብርድ ነው ተብሎ ደግሞ በካርቶን ይደፈናል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሳለ ሰው ካለ ቲቢ መመርመር አለበት፣ ይሄ ለተጠርጣሪው ሕይወት ነው፣ በር ላይ ለሚውለው ጠባቂም ለሌሎቹ ታሳሪዎችም ነው። ሰው ሲገባ ሦስት ጥያቄ ብቻ መጠየቅ ትችላላችሁ፣ ለስንት ቀን ሳልክ፣ ማታ ያልብሃል ወይ፣ ክብደት ቀንሰሃል ወይ። ሲመዘገብ ስሙ አጠገብ ይጻፍ። ካርቶኑን አንሱት፣ ትይዩ መስኮት ካለ ሁለቱንም ክፈቱ፣ ለብርዱ ብርድ ልብስ ይፈለግ እንጂ አየሩ አይዘጋ።

ሁለተኛው ፍተሻ ነው። አንድ አባል መጥቶ ጣቱን አሳየኝ፣ የተጠርጣሪ ኪስ ውስጥ እጁን ሲከት ምላጭ ቆረጠው፣ ምላጩ ላይ የሌላ ሰው ደም ነበረበት። የመጣው በአምስተኛው ቀን ነው። ለኤች አይ ቪ መከላከያ የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ቢሆን ደግሞ ይመረጣል፣ ከዚያ 28 ቀን ይወሰዳል። በአምስተኛው ቀን ምን ልስጠው? አብረን ቁጭ ብለን ከማልቀስ በቀር። ውጤቱ በኋላ ነጻ ሆነ ተመስገን፣ ግን ያንን ሦስት ወር እሱና ሚስቱ እንዴት እንዳሳለፉት እኔ ነኝ የማውቀው። እሱም ያልተናገረበት ምክንያት ያው የአንተ ልጅ ያለው ነው፣ ጓንት ለምን አላደረግክም እባላለሁ ብሎ።

ስለዚህ ግድግዳ ላይ አንድ ወረቀት ለጥፍ፣ ደም የነካው፣ የተወጋ ወይም የተነከሰ ሰው በሳሙናና በውሃ ታጥቦ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ፣ ማንንም ሳያስፈቅድ። ከመፈተሽ በፊት «የሚወጋ የሚቆርጥ ነገር ይዘሃል?» ብሎ መጠየቅ፣ ኪሱን ራሱ እንዲገለብጥ ማድረግ፣ እጅን በጭፍን አለመክተት። ሄፓታይተስ ቢ ደግሞ ክትባት አለው፣ ሦስት ጊዜ ነው፣ ዛሬ፣ ከአንድ ወር በኋላ፣ ከስድስት ወር በኋላ። ዝርዝር ይዘህ የጤና ጽሕፈት ቤቱን ጠይቅ። የምትጠይቀው ለስንት ሰው እንደሆነ በቁጥር ካወቅክ ጥያቄህ ክብደት ይኖረዋል።

ቴምዝ ማዶ፦

ሰላም ኢንስፔክተር። እኔ እንግሊዝ አገር ነኝ፣ ፖሊስ አይደለሁም በአንድ የፖሊስ ተቋም ውስጥ የሲቪል ሠራተኛ ነኝ። አንተ ያነሳኸው አዋጁ ፖሊስን አይመለከትም የሚለው ነገር እዚህም ነበር ብልህ ታምናለህ? የሥራ ጤናና ደህንነት ሕጋቸው እ.ኤ.አ በ1974 ነው የወጣው፣ ፖሊስ ግን ተቀጣሪ ሳይሆን ባለ ሹመት ነው እየተባለ ውጭ ቆየ። በ1997 ለብቻው አንድ ሕግ ወጣና የፖሊስ አዛዡ እንደ አሠሪ ይቆጠራል ተባለ፣ ሥራ ላይ የዋለው በ1998 ነው።

ከዚያ የሆነው ነገር ተረኛ ላነሳው ጥያቄ በትክክል የሚመለከት ነው። በ1999 አንድ የለንደን ፖሊስ ሌባ ሲያባርር ጣሪያ ላይ ወጥቶ ጣሪያው ተደርምሶ ወድቆ ሞተ፣ በዓመቱ ሌላው እንዲሁ ወድቆ ተጎዳ። በ2003 የወቅቱ የሜትሮፖሊታን ፖሊስ ኮሚሽነርና ከሳቸው በፊት የነበሩት ሁለቱም በስማቸው ተከሰው ፍርድ ቤት ቆሙ። ክሱ ፖሊስ ለምን ሌባ አሳደደ አይደለም፣ ከፍታ ላይ መሥራት ሊመጣ እንደሚችል እየታወቀ ስለሚሰበር ጣሪያ ለምን በቂ ትምህርት አልተሰጣቸውም የሚል ነው። አልተፈረደባቸውም። በ2005 ደግሞ ሕጉ ተሻሻለና ተጠያቂው ሰውየው ሳይሆን መሥሪያ ቤቱ እንዲሆን ተደረገ።

አንድ ጎን ብቻ እንዳይመስልህ፣ ሕጉ ሕዝቡንም ይጠብቃል። በ2005 ለንደን ባቡር ውስጥ አጥፍቶ ጠፊ ነው ተብሎ በስህተት የተገደለ ብራዚላዊ ወጣት ነበር፣ በ2007 የሜትሮፖሊታን ፖሊስ ጥፋተኛ የተባለው በዚሁ በሥራ ጤናና ደህንነት ሕግ ነው፣ 175,000 ፓውንድ ተቀጣ፣ የክሱ ወጪ ሌላ። ያ ስምሪት የተመራበት መንገድ ሕዝብን ለአደጋ አጋልጧል ተብሎ ነው። ስምሪት ደህና ካልሆነ ፖሊሱም ሰፈርተኛውም ነው የሚጎዳው።

እና ተረኛ ወንድሜ፣ ጩቤ የያዘ ሰው ጋ ስትደርስ የምትሞላው ፎርም የለም፣ እዚህም የለም። ሥራው የሚሠራው ከዚያ በፊት ነው። ሬዲዮህ ባትሪ አለው ወይ፣ ብቻህን ነው የተላክከው ወይ፣ ወደዚያ ቤት ከዚህ በፊት የሄደ ሰው ምን ገጠመው፣ ለእገዛ የሚደርስልህ መኪና በቅርብ አለ ወይ። ያ ከተሟላ አንተ በሩ ላይ በሰከንድ የምትወስነው ውሳኔ የተሻለ ይሆናል።

የኛ ቤት፦

የፖሊስ ባለቤት ነኝ። የምጽፈው ብዙ አይደለም። ባለቤቴ በሳምንት ሦስት ቀን ሌሊት፣ በማግስቱ ደግሞ በዓል ነው ስብሰባ ነው ተብሎ ቀን ይወጣል። ባለፈው ጥቅምት ሞተር እየነዳ ወደ ቤት ሲመለስ እንቅልፍ ወስዶት ቦይ ውስጥ ገባ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ጉልበቱ ብቻ ነው የተላጠው። ሥራ ላይ አይደለህም ተብሎ የትም አልተመዘገበም። ኢንስፔክተር እርስዎ የሚያዘጋጁት ነገር ውስጥ እንቅልፍን ይጨምሩልን። ስምሪት ሲወጣ ይህ ሰው ትናንት ማታ የት ነበር ብሎ የሚያይ አንድ ሰው ይኑር።

ተረኛ ሌሊት፦

ቴምዝ ማዶ ገብቶኛል አመሰግናለሁ። እህቴ የኛ ቤት ያልሽው ደግሞ እኔም ላይ ደርሷል። ኢንስፔክተር አንድ ነገር ልጨምር፣ «የአደጋ ስጋት ግምገማ» የሚለውን ቃል እባክዎ አይጠቀሙት። እኛ ጋ ግምገማ ሲባል ሰው ነው የሚገመገመው፣ ቃሉ ሲጠራ ሁሉም አፉን ይዘጋል። ሌላ ስም ያውጡለት።

የጣቢያው ሰው፦

ወገኖቼ ከአራት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ፣ ያላችሁኝን ይዤ ስላልተኛሁ ነው የዘገየሁት። መጀመሪያ ልጁ ደህና ነው፣ አጥንቱ አልተሰበረም፣ ቀላል ሥራ ላይ ነበር አሁን ተመልሷል።

ተረኛ ስለ ቃሉ ያልከው ትልቁን በር ከፈተልኝ። ግምገማ የሚለውን አውጥቼ «የቦታ ቅኝት» አልኩት፣ እንዲሁም አንድ ባለ መስመር ደብተር ገዝቼ ሽፋኑ ላይ «ለጥቂት» ብዬ ጻፍኩ። ለጥቂት የተረፍነውን ብቻ የምንጽፍበት ነው፣ ስም መጻፍ ግዴታ አይደለም፣ ቦታና ሰዓት ይበቃል። አዛዡን አስፈርሜ ሰልፍ ላይ አስነበብኩ፣ እዚህ ደብተር ላይ የተጻፈ ነገር ለዲሲፕሊን ማስረጃ አይሆንም የሚል። ሳምንት ሙሉ ባዶ ነበር። ስምንተኛው ቀን ላይ እኔ ራሴ የመጀመሪያውን ጻፍኩ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት ሽጉጤን ስፈታ ጥይት በርሜሉ ውስጥ መኖሩን ረስቼ ቃታ ስቤ ግድግዳ የመታሁትን። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የጻፍኩት። በማግስቱ አራት ተጻፈ። አሁን 19 ደርሷል።

ከ19ኙ ሰባቱ ያቺው ኬላ ናቸው። ጋሼ እንዳሉኝ በሌሊት በአይሱዙ ጋቢና ተቀምጬ አየሁት፣ እውነትም ኩርባውን እንዳለፍን ልጆቹ ድንገት ነው የሚታዩት፣ ሹፌሩም ደንግጦ ፍሬን ያዘ። ኬላውን 250 እርምጃ ያህል ወደ ከተማው ሳብነው፣ የመንገድ መብራት ያለበት ጋ፣ ምንም አላስወጣንም። ሰደርያዎቹን በባትሪ ፈተንን፣ ከ15 አምስቱ ብቻ ናቸው ያበሩት፣ አምስቱ ለሌሊት ኬላ ብቻ ተመደቡ፣ ለቀሩት ግዢ በቁጥር ጠየቅኩ።

ጣቢያው ውስጥ ስንቃኝ ያገኘነው ግን አስደነገጠኝ። ከኤግዚቢት (የተያዘ ማስረጃ ዕቃ) ክፍሉ ሞልቶ የተረፈ የኮንትሮባንድ ቤንዚን፣ 22 ጀሪካን፣ ኮሪደር ላይ ተደርድሮ፣ በሦስት ሜትር ርቀት ላይ የሻይ ቤቷ ልጅ ከሰል ታያይዛለች። ስንት ጊዜ ጀሪካኑን ተሻግሬ ሻይ ጠጥቻለሁ። በዚያው ቀን ግቢው ጫፍ ጥላ ሥር አየር ወዳለበት አወጣነው፣ አጥር አደረግንለት፣ ለዐቃቤ ሕግም ናሙናና ፎቶ ተይዞ ቶሎ እንዲወገድ ደብዳቤ ጻፍን።

ሲስተር ማ፣ ካርቶኑ ተነስቷል፣ ወረቀቱም ተለጥፏል። በሦስቱ ጥያቄ ሁለት ሰው ለምርመራ ልከናል፣ አንዱ ቲቢ ተገኘበትና መድኃኒት ጀምሯል። ክትባቱን ጠይቄ መልስ እየጠበቅኩ ነው፣ 138 ሰው ብዬ።

እህቴ የኛ ቤት፣ በእንቅልፉ ነገር እስካሁን አልተሳካልኝም፣ አልዋሽሽም። ስምሪት ወረቀቱ ላይ «ትናንት ማታ» የሚል አንድ ዓምድ ጨምሬያለሁ፣ ሰው ሲያንስ ግን ያው ሌሊት ያደረውን ቀን እናወጣለን። ቢያንስ አሁን ስንት ጊዜ እንደሆነ ይቆጠራል፣ በወሩ 31 ጊዜ ሆኗል፣ ቁጥሩን ይዤ ለሰው ኃይል ጥያቄ አቀርባለሁ። ሌሊት ያደረ ሰው ሞተር ነድቶ እንዳይሄድ በፓትሮል ቤቱ እንዲደርስ ተስማምተናል።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ከ19ኙ አራቱ መሣሪያ ሲፈታ የተተኮሱ ወይም ሊተኮሱ የነበሩ ናቸው። ግምጃ ቤቱ በር ላይ አሸዋ የተሞላ በርሜል ላስቀምጥ ነው፣ የሠራ ሰው ካለ እንዴት ነው የሚደረገው?

ጡረታ ላይ፦

ልጄ አኮራኸኝ። እኛ ጋ ነበር በርሜሉ። አሸዋውን በወንፊት ንፋው፣ ጠጠር ካለበት ጥይቱ ሊመለስ ይችላል። ደረቅ ይሁን፣ ዝናብ እንዳይገባው ክዳን ሥራለት። በርሜሉን አዘንብለህ አስቀምጠው አፈሙዙ ያለ ጭንቀት እንዲገባ፣ ከኋላው ሰው የሚመላለስበት ግድግዳ ወይም መስኮት አይሁን። መጀመሪያ ካርታው (የጥይት መያዣው) ይወጣል፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ ይቀባበላል፣ የጥይት ቤቱ በዓይንም በጣትም ይታያል፣ ቃታው የሚሳበው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ሰው ብቻውን አይፍታ፣ ጓደኛው ከጎኑ ቆሞ «አየሁ» ይበል። ቅደም ተከተሉን በትልቁ ጽፈህ ከበርሜሉ በላይ ስቀለው፣ ሌሊት ከኬላ የመጣ ሰው ደክሞት ስለሚሆን በቃሉ አያስታውሰውም።